ሕግ የጻፉት ገበሬ

(የታዋቂ ሰው ታሪክ አምድ፤ ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል)

በዚህ እትም የታዋቂ ሰው ታሪክ አምድ ተራው የእኔ ነው። ስለዚህ ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ላወራችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ምክንያቱ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን መምህራችን እየተነሣን ስናድግ ምን መሆን እንደምንፈልግ እንድንናገር አደረጉን። ሐኪም ተባለ፣ ፓይለት ተባለ፣ ኢንጂነር ተባለ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ተራው ሲደርስ ገበሬ መሆን እንደሚፈልግ ተናገረ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ ገበሬ ነው፤ በዚያ ሰሞን እኔ ራሴ የሩዝ አጨዳ ላይ ስለነበርኩ ማጭድ የነካኝ ጣቴ ገና አልዳነም ነበር። ግን ሳቅኩ። መምህራችን አልሳቁም። እስክንጨርስ ጠበቁንና፣ አውሮፓ ድረስ ሄደው እርሻ የተማሩ፣ በኋላም የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው እንደነበሩ ነገሩን። ስማቸውንም ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ወዲያው ደወል ተደወለና ሁሉም ወጣ። እኔ ስሙን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ መጻሕፍት ፍለጋ ጀመርኩ፤ መምህራችንም ያላቸውን አዋሱኝ።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰኔ 1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ሰያ ደብር በሚባል አገር ነው። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄዱና ከራስ መኮንን ቤት ተጠጉ። ራስ መኮንን የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የሐረር ገዥ ነበሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ራስ መኮንን ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ፣ ትንሹ ተክለ ሐዋርያትም አብረው ዘመቱ። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ ገና 11 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዘመን ልጆች የጌታቸውን ጋሻና ጠመንጃ እየተሸከሙ ከሠራዊቱ ጋር ይጓዙ ነበር። ከሐረር ተነሥቶ እስከ ዓድዋ! እኔ በ11 ዓመቴ የሄድኩበት ሩቅ አገር ባሕር ዳር ነው፤ እሱንም ሐሙሲት ሳንደርስ አስታውኮኛል።

ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየቭ የሚባል ሩሲያዊ ተክለ ሐዋርያትን ወደ አገሩ ይዟቸው ሄደ። ያን ጊዜ ሩሲያ ከኢትዮጵያ ጋር ወዳጅ ነበረች፤ ሃይማኖታችን ስለሚቀራረብም የቀይ መስቀል ሐኪሞች ልካልን ነበር። ልጁ ሴንት ፒተርስበርግ በሚባለው ከተማ ሞልቻኖቭ ከሚባል ኮሎኔል ቤተሰብ ጋር እንዲኖሩ ተደረገ። ቋንቋውን ተማሩ፤ ካደጉም በኋላ ሚካኤሎቭስካያ በሚባለው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገቡ። በረዶ በሚጋገርበት አገር 11 ዓመት ያህል ኖሩ። እናት የለም፣ አባት የለም፣ አማርኛ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ይህን ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ አለማልቀሳቸው አይደለም፤ ምናልባት አልቅሰውም ይሆናል። የገረመኝ ተምረው መመለሳቸው ነው።

እዚያ ሳሉ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ጃፓን የምትባለው ትንሽ አገር ታላቋን ሩሲያን በጦርነት አሸነፈች። ሁለተኛው፣ በ1897 ዓ.ም. የሩሲያ ሠራተኞችና ገበሬዎች በንጉሣቸው ላይ አመፁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አፄ ምኒልክ በዕድሜም በሕመምም የደከሙበት ወቅት ነበር። መድፍ የተማረ መኮንን ሲመለስ ሰው ምን ይጠብቃል? ጦር ይመራል ብሎ ነዋ! እሳቸው ግን ብዙ ሳይቆዩ እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የሄዱትም እርሻ ለመማር ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ከደንኩና ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ መጀመሪያ አላመነኝም። እርሻ ከአባት ከአያት ይወረሳል እንጂ ባሕር ተሻግሮ ይማሩታል ወይ አለኝ። አያቴ ግን ገባው። የእኛ የፎገራ ሜዳ ድሮ ሩዝ አያውቅም። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ሁሉ ውኃ ይተኛበታል፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ረግረግ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ሩዝ ሲያሳዩ፣ አያቴ እንደሚለው ሰው ሁሉ ሣር ነው ብሎ ስቋል። ዛሬ አባቴ የሚዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ቀበሌ ነው። አሁን ወረታ ውስጥ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ የሩዝ ምርምር ማዕከልም አለ። አያቴ ይህን ሁሉ ቆጥሮ ለአባቴ ካስረዳው በኋላ፣ አባቴ ተክለ ሐዋርያት ምን ዘሩ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ፤ መልሱም ሂርና ላይ ነው ያለው።

ሂርና በሐረርጌ በጨርጨር ደጋማ አገር የምትገኝ ቦታ ናት። ቡና የሚበቅልባት ለም መሬት ነች። ተክለ ሐዋርያት ከአውሮፓ ከተመለሱ በኋላ እዚያ መሬት ይዘው ማልማት ጀመሩ። በአማርኛም ስለ እርሻ ትምህርት መጽሐፍ ጻፉ። ይህን በደንብ አስቡት፤ በዚያን ጊዜ በአማርኛ ታትሞ የሚወጣው መጽሐፍ ገና በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አብዛኛውም የሃይማኖትና የታሪክ ነው። እሳቸው ግን እርሻ በመጽሐፍ ሊጻፍ የሚገባው እውቀት ነው ብለው ብዕር አነሡ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። እሳቸው እንደ አባቴ ያለ ገበሬ አልነበሩም። የዚያ ዘመን ሹም መሬት የሚያገኘው ከሹመቱ ጋር ነው፤ በመሬቱ ላይም ገባሮች ይሠሩ ነበር። አባቴ በበሬ ጭራ ተከትሎ ነው የሚያርሰው። ስለዚህ ከርዕሴ ላይ ገበሬ የሚለውን ቃል ላጥፋው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከክበባችን አባላት ጋርም ተከራክረንበታል። ያልተውኩት ሹመቱም ስደቱም ካለፈ በኋላ ተመልሰው የገቡት ወደዚያው እርሻ ስለሆነ ነው።

ስለ ቲያትርም ላንሣ፣ የድራማ ክበብ ልጆች እንዳትቀየሙኝ። በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቲያትር የጻፉት እኚሁ ሰው ናቸው። ስሙ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። ተናጋሪዎቹ እንስሳት ናቸው፤ ሐሳቡን ያገኙት ላፎንቴን ከሚባለው የፈረንሳይ ተረት ጸሐፊ ነው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ባሉበት ታየ። መኳንንቱ መጀመሪያ የሳቁ ይመስለኛል፤ በኋላ ግን አውሬዎቹ እነሱው መሆናቸው ገባቸው። ቲያትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እኛ ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን ያሳየነው ድራማ እንኳ ምን ያህል ሰው እንዳስኮረፈ ታስታውሳላችሁ አይደል?

አሁን ወደ አስተዳደራቸው ልውሰዳችሁ። በ1909 ዓ.ም. አካባቢ በፊታውራሪነት ማዕረግ የጅጅጋ ገዥ ሆኑ። ጅጅጋ በምሥራቅ ጠረፍ፣ በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ከያዙት የሶማሌ ምድር አጠገብ ናት። እንደኛ ፎገራ ሜዳ ናት፤ ልዩነቱ እኛ ውኃ ሲበዛብን እነሱ ውኃ ይፈልጋሉ። ከሐረር ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚያርፉበት፣ ጉድጓድ ውኃ ያለበት ቦታ ነበር። ተክለ ሐዋርያት በምሕንድስና እውቀታቸው መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው የሚቋረጡበትን ከተማ ቀየሱ። የሒሳብ ደብተራችሁን ካሬ ካሬ መስመር አስቡት፣ እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ የጨርጨር ገዥ ሆኑ። እዚያም አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ የዛሬዋ ጭሮ ማለት ናት። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንድትሆን የተመረጠች አውራጃ ነበረች። ከእሳቸው በኋላ የተሾሙት ደግሞ የእኛው የጎንደር ተወላጅ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ መቅደላ ላይ እንግሊዞች አግኝተው የወሰዷቸው ሕፃን ነበሩ፤ የእሳቸው ታሪክ ለብቻው አንድ እትም ስለሚፈልግ ወንድም እህቶቼ ከመካከላችሁ አንዳችሁ ጻፉት።

ምሳሌ የሚለው ቃል ትርጉሙ የሚገባችሁ የሌላው ገበሬ ኑሮ ምን እንደነበረ ስታውቁ ነው። ገበሬው ከምርቱ አሥራት ማለትም ከአሥር አንዱን ይሰጣል። ይሁን፣ ከአሥር አንድ ነው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ግምቱ ነው። ሰብሉ ገና በቁሙ ሳለ ገማች መጥቶ ማሳው ዳር ይቆምና ይህን ያህል ይወጣዋል ብሎ ይቆርጣል። ገማቹ እስኪመጣ ማጨድ የለም። ዝናብ ይምታው፣ ወፍ ይብላው፣ መጠበቅ ነው። ከዚያ ሌላ የጌታውን ሁዳድ ማረስ አለ፣ መሸከም አለ፣ ማገዶ መፍለጥ አለ። አያቴ አባቱ የነገሩትን ሲያወራ፣ ገማቹን ደስ ለማሰኘት የሚታረደው ዶሮ ራሱ ሌላ ግብር ነበር ይላል። ጸሐፊ ያልሆነ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ከማን ጋር ይከራከራል? የተጻፈ ነገር የለ!

ተክለ ሐዋርያት ወደ ሕግ የመጡት ይህንን አይተው ነው ብዬ አስባለሁ። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጅሮንድ የሚለው ማዕረግም የግምጃ ቤት ኃላፊ ማለት ነው። ንጉሡ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ አዘዟቸው። ከዚያ በፊት ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ንጉሥ እንዴት እንደሚገዛ፣ ምክር ቤት እንዴት እንደሚቆም የሚወስን የተጻፈ ዘመናዊ ሕገ መንግሥት ግን አልነበረንም።

በምን አስመስለው አረቀቁት መሰላችሁ? በጃፓን ሕገ መንግሥት! ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ሩሲያ ውስጥ ሳሉ ጃፓን ሩሲያን ስታሸንፍ አይተዋል። ንጉሧን ሳትጥል፣ ትምህርትና ሕግ ይዛ ባጭር ጊዜ የሠለጠነች አገር ናት። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያም እንደ ጃፓን ትሁን የሚሉ ብዙ ምሁራን ነበሩ፤ ተክለ ሐዋርያት ከእነሱ አንዱ ናቸው። የሩሲያ ንጉሥ ደግሞ ሕዝቡን ሳይሰማ ቆይቶ ምን እንደደረሰበት ያውቃሉ።

ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ። 7 ምዕራፍና 55 አንቀጽ አለው። በዚያ ቀን መሳፍንቱና መኳንንቱ ተሰብስበው፣ ሕገ መንግሥት ምን ማለት እንደሆነ ያብራሩላቸው ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ያንን ስብሰባ ሳስበው፣ ከፊት የተቀመጡት እነዚያው በአውሬዎቹ ኮሜዲያ የተነኩት ሰዎች ይመስሉኛል። በሚቀጥለው ዓመት ፓርላማው ሥራ ጀመረ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት።

አሁን ያስቸገረኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። በሕጉ መሠረት የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚመርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የሕግ መምሪያውንስ? ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡለታል ይላል። በክፍላችን ቋንቋ ልንገራችሁ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳለን የክፍል አለቃችንን መምህራችን ነበሩ የሚመርጡልን፣ እኛ ገና ትንንሾች ነን ተብሎ። አሁን እጃችንን አውጥተን እንመርጣለን። በዚያ ሕግ ገበሬው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተቆጠረ ማለት ነው። በሬ ጠምዶ ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው!

ለገበሬ መጽሐፍ የጻፉ ሰው እንዴት ይህን ተቀበሉ? ይህንን ለመምህሬ አንሥቼላቸው ነበር። እሳቸው፣ ያ ሕግ የንጉሡን ሥልጣን ለማጽናትም የታሰበ እንደነበረና መኳንንቱም ሥልጣናቸውን በቀላሉ እንደማይለቁ አስረዱኝ። እውነት ነው፤ ግን እኔ አሁንም ይከነክነኛል። ተክለ ሐዋርያት በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱት እንጂ ገበሬውን አላስገቡትም። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የፈቀደው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሒሳብ የምትወዱ ቀንሱት፤ 25 ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፣ ገጹ እያለቀብኝ ነው። በፈረንሳይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያኖች ወልወል ላይ ጠብ ሲጭሩ፣ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። ወልወል ኦጋዴን ውስጥ ናት፤ የዚያን ጠረፍ ነገር ጅጅጋን ሲገዙ ያውቁታል። ማኅበሩ ግን አልረዳንም፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወረረን። ሚያዝያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው እንዲሄዱ ሲመከር ተክለ ሐዋርያት ተቃወሙ። አገር ውስጥ ሆነን እንዋጋ ባይ ነበሩ። ሐሳባቸው ሳይሰማ ቀረ፤ እሳቸውም በጅቡቲ በኩል ተሰደዱ። ብዙውን የስደት ዘመን ማዳጋስካር በምትባለው ትልቅ ደሴት አሳለፉ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ቶሎ አልተመለሱም። በንጉሡና በእሳቸው መካከል የነበረው ቅሬታ ቀላል አልነበረም።

ብዙ ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ገደማ ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ ሹመት ፍለጋ አልተቀመጡም። ሂርና ገቡ፣ ወደ እርሻቸው። እዚያ ሆነው የሕይወታቸውን ታሪክ ጻፉ፤ እሱም ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አርአያ የሚለውን ልብ ወለድ የጻፉት ናቸው፤ በውጭ አገር ተምሮ ወደ አገሩ ስለሚመለስ ወጣት ነው።

ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ፤ ገባርና ጌታ የሚባለው ቀረ። አያቴ ያኔ ወጣት ነበር፣ ወረታ ላይ መሬት ላራሹ እያለ እንደጨፈረ ይነግረኛል። ሕግ ያረቀቁት ሽማግሌ ያንን ሁሉ በሕይወት ሆነው አዩት። ያረፉት በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ነው፣ በ92 ዓመታቸው። ዓድዋንም ያዩ፣ የንጉሡን መውረድም ያዩ አንድ ሰው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ከኋላዬ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ያ ገበሬ መሆን እፈልጋለሁ ያለው ጓደኛዬ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልመጣም። ቤታቸው ርብ ዳር ነው፤ ክረምት ጎርፉ ግማሽ ማሳቸውን ስለወሰደው አባቱ የቀን ሥራ ሄዷል፣ የተረፈውን ሩዝ የወቃው እሱና እናቱ ናቸው። አሁን ደግሞ ሽንኩርት ያጠጣል። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ የሳይንስና የሒሳብ ደብተሬን ሰጠሁት። ስለ ተክለ ሐዋርያት ስነግረው ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጠኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያ የእርሻ መጽሐፍ ስለ ሽንኩርት ይላል ወይ የሚል። ስለ መሳቄ ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝና ስለ ሽንኩርት ስናወራ መሸ።

መጽሔታችን እንደምታውቁት በእጅ የተጻፈ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም። እኔ ግን የክበባችንን ተጠሪ መምህር ለምኜ ለአንድ ሌሊት ብቻ ተፈቅዶልኛል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት መጥታችሁ መጽሔቱን ከመደርደሪያው ብታጡት አትደንግጡ፤ ርብ ዳር ነው ያለው፣ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል።